ሿሚ ሁሉ ሻሪ ነው ወይ? ስለ ትራምፕና ስሎተር ክርክር እንወያይ

ቀበና_ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁ። ሰኞ ኅዳር 29፣ 2018 (በፈረንጅ ዲሴምበር 8፣ 2025) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትራምፕና የስሎተርን ክርክር ሰማ፣ እዚህ ቤት ግን ማንም ሲያነሳው አላየሁምና እኔ ልጀምረው። ድምፁን በቀጥታ ያስተላልፉታል፣ እኔ በሁለት ቀጠሮ መሃል መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጀመርኩት፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀ ክርክር ነው፣ የቀረውን ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጨረስኩ። ከዚህ በታች ቀንና ዓመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳይምታታባችሁ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፣ ኤፍቲሲ ነው የሚሉት፣ በ1914 የተቋቋመ። ሸማች የሚያጭበረብር ኩባንያ ይከሳል፣ ትልልቅ ኩባንያዎች እንዋሃድ ሲሉ ገበያውን ይጎዳል አይጎዳም ብሎ ይመረምራል። አምስት ኮሚሽነሮች አሉት፣ ፕሬዚዳንቱ ይሾማል ሴኔቱ ያጸድቃል፣ የሥራ ዘመናቸው 7 ዓመት ነው፣ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ መሆን አይችሉም። ሕጉ ደሞ ፕሬዚዳንቱ እነዚህን ሰዎች የሚሽርበትን ምክንያት ለይቶ አስቀምጧል፣ ሥራውን ካልቻሉት፣ ሥራቸውን ቸል ካሉ፣ ወይ በሹመታቸው ከባለጉ። በቃ። ሀሳባችሁ ከሀሳቤ አልገጠመም የሚል ምክንያት ሕጉ ውስጥ የለም።

መጋቢት 2025 ላይ ትራምፕ ሁለቱን ዲሞክራት ኮሚሽነሮች ሬቤካ ስሎተርንና አልቫሮ ቤዶያን አሰናበተ። ስሎተር እኮ በ2018 መጀመሪያ የሾማት ራሱ ትራምፕ ነው፣ በኋላ ባይደን ደገማት፣ የሥራ ዘመኗ እስከ 2029 ነበር። አጠፋች አላላትም፣ ቦታው ላይ መቆየትሽ ከአስተዳደሬ ቅድሚያ ጉዳዮች ጋር አይሄድም ነው የተባለችው። ከሰሰች፣ የታችኛው ፍርድ ቤት ሕገወጥ ነው አለ፣ መስከረም ላይ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ሆኖ ክርክሩ እስኪያልቅ ከቦታው ውጪ ትቆይ አለና አሁን ዋናው ጥያቄ ላይ ደረስን።

ዋናው ጥያቄ በአማርኛ ካያችሁት በጣም ያረጀ ጥያቄ ነው። ሿሚ የሆነ ሁሉ ሻሪ ነው ወይ? እኛ አገር ሹም ሽር አንድ ቃል ነው፣ ሁለቱን ነጥሎ የሚያይ የለም። እዚህ አገር ግን ወደ 90 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነጥለው ኖረዋል፣ አሁን ያ ሊያበቃ ይመስላል፣ ክርክሩን ለሰማ ሰው አብዛኞቹ ዳኞች ወደ ፕሬዚዳንቱ ያዘነበሉ ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ የስሎተር ወንበር አይደለም። ሥራዬ ማስተርጎም ነው፣ ፍርድ ቤትም ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም እሠራለሁ። የሰው ጉዳይ አላወራም፣ ግን ሁላችሁም የምታውቁትን ልንገራችሁ፣ የኢሚግሬሽን ዳኛ የሚባለው ሰው በፍትህ ሚኒስቴር ስር ያለ ሠራተኛ ነው፣ ካባ ለብሶ ቁጭ ቢልም አለቃው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ነው፣ ዓቃቤ ሕጉ ውሳኔውን ወደራሱ ስቦ ሊቀይረው ይችላል። የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ግን ዕድሜ ልኩን ነው የተሾመው። ሁለቱም ጋ ቆሜ ተርጉሜአለሁ፣ ሰው ሲፈርድ ከኋላው ማን እንደቆመ እያሰበ ሲፈርድና ሳያስብ ሲፈርድ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ራሱ ይለያል። ገለልተኛ የሚባሉት ተቋማት ላይ የተቀመጠው ገደብ ለኔ ይሄ ነው ትርጉሙ፣ ሰውየው ሲወስን ማንን እየፈራ ነው?

ሀሳባችሁን ስጡኝ፣ የምትቃወሙም በደንብ ተቃወሙ።


ዳላስ77

ወንድሜ በደንብ ጽፈሃል ግን አልስማማም፣ ደሞ ለምን እንደማልስማማ ልንገርህ ምክንያቱም እዚህ ፎረም ላይ ትራምፕ ያለበት ነገር ሁሉ በአንድ ወገን ነው የሚወራው።

ሕገ መንግሥቱን አንብበው፣ ሁለተኛው አንቀጽ አስፈጻሚው ሥልጣን ለአንድ ፕሬዚዳንት ተሰጥቷል ነው የሚለው። ለፕሬዚዳንቱና ለአምስት ኮሚሽነሮች አይልም። ገለልተኛ ኤጀንሲ የሚል ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የለበትም። ሦስት ክፍል ነው ያለው፣ ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚ፣ ዳኛ። ታዲያ ይሄ ኤፍቲሲ የየትኛው ነው? ደንብ ያወጣል፣ ይከሳል፣ በራሱ ቤት ውስጥ ደሞ ያስችላል። ሦስቱንም በአንድ እጅ ይዞ ለማንም አልጠየቅም ካለ ይሄ ምን ዓይነት ነፃነት ነው?

እኔ ትንሽ የጭነት ድርጅት አለኝ፣ አራት መኪና። የፌዴራል ደንብ ምን እንደሆነ ከናንተ በላይ አውቀዋለሁ፣ አንድ ወረቀት ጎደለ ተብሎ ቅጣት ሲመጣብኝ ለማን ነው የምጮኸው? ፕሬዚዳንቱን ብቀየመው በአራት ዓመት እቀይረዋለሁ። ኮሚሽነሩን ማን መረጠው? ስሙን እንኳን አላውቀውም። ሕዝቡ መርጦ የላከው ሰው ሥራውን በማይፈልገው ሰው ይሥራ ማለት እኮ የኔን ድምፅ ማሰር ነው።

ደሞ ዲሞክራቶቹም አድርገውታል። ሐምሌ 2021 ባይደን የሶሻል ሴኩሪቲውን ኮሚሽነር አንድሩ ሶልን አባረረው፣ ሕጉ እንዳይባረር ይጠብቀው ነበር፣ ያኔ ማን ጮኸ?


የሕግ_ተማሪ

ዳላስ የሶሉ ነገር ትክክል ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ባይደን ያንን ያደረገው ግን ከዛ በፊት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች ላይ ቆሞ ነው፣ የ2020ው ሲላ ሎው እና የ2021ዱ ኮሊንስ። ሁለቱም የሚሉት በአንድ ሰው የሚመራ ኤጀንሲ ከሆነ ኃላፊውን ፕሬዚዳንቱ ባሻው ጊዜ ማንሳት ይችላል ነው። ሶሻል ሴኩሪቲም በአንድ ሰው ነው የሚመራው። ኤፍቲሲ ግን ቦርድ ነው፣ አምስት ሰው፣ ከሁለት ፓርቲ፣ የሥራ ዘመናቸው የተጠላለፈ፣ በ2020ው ውሳኔ ላይ ራሱ ይሄኛውን ዓይነት ለይተው አልነካነውም ብለው ነበር የተዉት። የአሁኑ ክርክር የተዉትን ለማንሳት ነው።

ታሪኩን ትንሽ ልጨምር ምክንያቱም ያለሱ አይገባም። በ1920 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ፖርትላንድ ኦሪገን ያለ አንድ የፖስታ ቤት ኃላፊ ያባርራል፣ ፍራንክ ማየርስ ይባላል። ሕጉ ሴኔቱ ሳይስማማ አይባረርም ይል ነበር። ሰውየው ደመወዜን ብሎ ከሰሰ፣ ጉዳዩ ሳያልቅ ሞተ፣ ቤተሰቡ ቀጠለበት፣ በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱ ትክክል ነው አለ። ፍርዱን የጻፈው ማን መሰላችሁ፣ ዋና ዳኛ ታፍት፣ ራሱ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው። ቀበና እንዳለው ሿሚ ሻሪ ነው የሚለውን ነው ያጸናው። ሦስት ዳኞች ተቃውመዋል፣ ብራንዳይስ በተቃውሞው ላይ ሥልጣን የተከፋፈለው ሥራ እንዲቀላጠፍ ሳይሆን ማንም እንዳሻው እንዳይሆን ነው ብሎ ጽፏል፣ ይሄን ነገር ባነበብኩት ቁጥር ቆም ያደርገኛል።

ከዛ ሩዝቬልት መጣ። በ1933 ዊልያም ሃምፍሪ የሚባል የኤፍቲሲ ኮሚሽነር ነበር፣ ሪፐብሊካን ነው፣ ሁቨር ነው በ1931 ዳግመኛ የሾመው። ሩዝቬልት ደብዳቤ ጻፈለት፣ ያንተና የኔ ሀሳብ አብሮ አይሄድም ልቀቅልኝ አለው። አልለቅም አለ። ጥቅምት ላይ አባረረው። በ1935 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ 9 ለ 0፣ ሩዝቬልት ተሳስቷል አለ። ፖስታ ቤት ኃላፊ የፕሬዚዳንቱ እጅ ነው፣ ኮሚሽነሩ ግን ግማሽ ሕግ የማውጣት ግማሽ የመዳኘት ሥራ ስለሚሠራ ኮንግረስ ሊጠብቀው ይችላል ነው ያሉት። ስሎተር የቆመችው በዚህ ፍርድ ላይ ነው።


እናት_ሲያትል

የሕግ ተማሪ ተባረክ፣ እንዲህ ሲጻፍ ይገባኛል። ሃምፍሪ ታዲያ ወደ ሥራው ተመለሰ ማለት ነው?


የሕግ_ተማሪ

አልተመለሰም እህቴ። ከተባረረ ከአራት ወር በኋላ የካቲት 1934 ላይ ሞተ። የከሰሰው የውርስ አጣሪው ነው፣ ፍርዱ ራሱ እስከዛሬ የሃምፍሪ ውርስ አጣሪ እየተባለ ነው የሚጠራው። የጠየቁት ከተባረረበት ቀን እስከሞተበት ቀን ያለውን ደመወዝ ነው፣ ወደ 3 ሺህ ዶላር ገደማ። በ3 ሺህ ዶላር የደመወዝ ክስ ላይ ነው ይሄ ሁሉ ቤት የተሠራው።

ይሄ ነገር አሁንም ትልቅ ቦታ አለው። ፍርድ ቤቱ በስሎተር ጉዳይ ሁለት ጥያቄ ነው የያዘው፣ አንዱ ሃምፍሪ ይሻር ወይ የሚል፣ ሁለተኛው ደሞ መባረሩ ሕገወጥ ቢሆን እንኳን ዳኛ ሰውየውን ወንበሩ ላይ መልሶ ማስቀመጥ ይችላል ወይ የሚል። ሁለተኛውን አይችልም ካሉ ሕጉ ወረቀት ላይ ይቆያል፣ የተባረረው ደመወዙን ይቀበላል፣ ወንበሩ ግን የሌላ ሰው ነው። ማንም ስለዚኛው አያወራም፣ እኔን ግን ከመጀመሪያው እኩል ያሳስበኛል።


አዲስአበቤ

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ሕግ ባልማርም ጉዳዩ ስቦኛል። አንድ ያልገባኝ ነገር፣ እኛ ጋ ምርጫ ቦርድ፣ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን፣ እንባ ጠባቂ፣ ዋና ኦዲተር ሲባሉ ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ይባላል። በተግባር እንዴት ነው የሚለውን እዚህ አላነሳም። የአሜሪካዎቹ ታዲያ ተጠሪነታቸው ለማነው? ለኮንግረስ ከሆነ ኮንግረሱ ለምን ራሱ አይሽራቸውም?


የሕግ_ተማሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው። እዛ ተጠሪነት የሚለው ቃል ልክ እንደኛ አይሠራም። ኮንግረስ ይፈጥራቸዋል፣ በጀት ይሰጣቸዋል፣ ጠርቶ ያፋጥጣቸዋል፣ ከፈለገ በሕግ ያፈርሳቸዋል፣ መክሰስም ይችላል እንደ ፕሬዚዳንቱ። ግን በራሱ እጅ ማባረር አይችልም። በ1986 ባውሸር የሚባል ክስ ነበር፣ ኮንግረስ ሊያነሳው የሚችለውን ባለሥልጣን በጀት እንዲቆርጥ ሥልጣን ሰጥተውት ነበር፣ ፍርድ ቤቱ አይሆንም አለ፣ ኮንግረስ የሚሽረው ሰው ሕግ ማስፈጸም አይችልም ብሎ። ስለዚ ነገሩ የተሠራው ማንም ብቻውን እንዳይሽራቸው ተደርጎ ነው፣ ፕሬዚዳንቱም በምክንያት ብቻ፣ ኮንግረሱም በክስ ብቻ።

ለዳላስም መልስ ይሆናል። ኮንግረስ ለነዚህ ተቋማት ይሄን ሁሉ ሥልጣን የሰጠው አንድ ላይ ከገደቡ ጋር ነው። ሥልጣኑን እንካ፣ ግን ፕሬዚዳንቱ እጁን አያስገባም ብሎ። አሁን ፍርድ ቤቱ ገደቡን ብቻ ቆርጦ ጥሎ ሥልጣኑን ከተወው ውሉ ግማሹ ቀረ ማለት ነው፣ ኮንግረስ ለፕሬዚዳንቱ በፍጹም የማይሰጠው የነበረ ሥልጣን ፕሬዚዳንቱ እጅ ይገባል። ዳኛ ኬገን በክርክሩ ላይ ደጋግማ የያዘችው ይሄን ነጥብ ነው። የፕሬዚዳንቱን ወገን ያዘነበለው ጎርሰች ራሱ እንግዲያው ኮንግረስ ሥልጣኑን እንዲህ ማስተላለፉንም ማየት አለብን ወደሚል ነገር ሄዷል።


ዳላስ77

እሺ ይሄኛው ነጥብ ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን መልሱ እኔ ጋ ቀላል ነው፣ ሥልጣኑን ይቀንሱላቸው። ኮንግረስ ሥራውን ይሥራ፣ ሕግ ያውጣ፣ ለኮሚሽን አይጣል። ኮንግረስ ሥራውን ስለማይሠራ ማንም ያልመረጠው ቦርድ ይግዛኝ ማለት አይደለም እኮ።


እናት_ሲያትል

እኔ ሕግ አላውቅም፣ የደረሰብኝን ልናገር። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ለእናቴ ሕክምና ገንዘብ ልኬ ነበር፣ የላኩበትን ድርጅት ስም አልጠራም። ስልክ ላይ ቸኩዬ ስሙን አሳስቼ ጻፍኩና ከላክሁ በኋላ ወዲያው አየሁት። ደወልኩ፣ ተልኳል መመለስ አይቻልም አሉኝ። አልቅሼ ስልኩን ዘጋሁ። ሥራ ቦታዬ ያለች ልጅ ናት ደረሰኝሽን አንብቢው ያለችኝ፣ እዛ ላይ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያለምንም ክፍያ መሰረዝ ትችላለህ ይላል፣ ገንዘቡ ካልተወሰደ ማለት ነው። መልሼ ደወልኩ፣ ደረሰኙን አነበብኩላቸው፣ ገንዘቤ ተመለሰ። ከክፍያው ጋር።

በኋላ ነው ያንን መብት የሚያስጠብቀው ማን እንደሆነ ያወቅሁት፣ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ የሚሉት። ስንት እንደሚቆርጡብን፣ ምንዛሪው ስንት እንደሆነ፣ እዛ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ሳንከፍል በፊት እንዲነግሩን የሚያስገድደው ደንብ የነሱ ነው። ስህተት ከተፈጠረ እስከ 180 ቀን ማመልከት ይቻላል። ስንቶቻችን ነን በየወሩ የምንልከው፣ ይሄን የምናውቅ ግን ስንት ነን?


የሕግ_ተማሪ

እናት ሲያትል ሳታውቂው ትልቁን ምሳሌ አመጣሽ። ያ ቢሮ እኮ የ2020ው ሲላ ሎው ክስ የተነሳበት ቢሮ ነው። አንድ ዳይሬክተር ነበረው፣ በምክንያት ካልሆነ አይባረርም ነበር፣ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ሆኖ ያንን ጥበቃ አነሳው። ከዛ ምን ሆነ፣ የካቲት 2025 መጀመሪያ ላይ ዳይሬክተሩ ሮሂት ቾፕራ ተሰናበተ፣ በቀናት ውስጥ በተጠባባቂነት የመጡት ረስል ቮት ሠራተኞቹ ሥራ እንዲያቆሙ አዘዙ። ደንቡ አልተሻረም፣ ወረቀቱ ላይ አሁንም 30 ደቂቃሽ አለ። የሚያስከብረው ቢሮ ግን በአንድ ኢሜይል ነው እጁን እንዲያጥፍ የተደረገው። በ2020 ያንን ፍርድ ያነበበ ሰው ይሄን ሊያየው ይችል ነበር።


ቀበና_ልጅ

እናት ሲያትል አመሰግናለሁ፣ እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ያንቺ ይበልጣል።

ዳላስ ወንድሜ፣ የሶልን ነገር እቀበላለሁ፣ ባይደን ያኔ ሲያደርገው ዝም ያልኩት እኔም ነኝ፣ ልክ አልነበርኩም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኮሚሽነሩን ማን መረጠው አልክ፣ ልክ ነህ፣ የመረጥከው ፕሬዚዳንት ሾመው፣ የመረጥካቸው ሴናተሮች አጸደቁት። ከዛ በኋላ ነው ገደቡ የሚመጣው። ፕሬዚዳንቱ በሥራ ዘመኑ ወንበሮች ሲለቀቁ ይሾማል፣ ሊቀመንበሩንም የሚመርጠው እሱ ነው። ማለትም አቅጣጫ መቀየር ይችላል፣ የማይችለው በአንድ ሌሊት ሁሉንም ጠርጎ የራሱን ብቻ ማስቀመጥ ነው። አሁን ኤፍቲሲ ውስጥ አንድም ዲሞክራት የለም። ሕጉ ግን አሁንም ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ አይሁን እንዳለ ነው፣ ሌሎቹ ወንበሮች ባዶ ከሆኑ ሕጉ የተከበረ ይመስላል፣ ግን አልተከበረም።

ሌላው ያልጠቀስኩት ነገር፣ ማባረር ብቻ አይደለም። የካቲት 18፣ 2025 የወጣ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ አለ፣ ገለልተኛ የሚባሉት ኤጀንሲዎች ትልልቅ ደንቦቻቸውን ከማውጣታቸው በፊት ለዋይት ሐውስ እንዲያቀርቡ፣ ሕግ ሲተረጉሙም የፕሬዚዳንቱንና የዓቃቤ ሕጉን ትርጉም እንዲከተሉ የሚያዝ። ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ማለትም የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ወለድ ሲወስን ብቻ ነው ከዚህ የተተወው። ስለዚ ስሎተር ብታሸንፍ እንኳን ነገሩ አላለቀም።


ጋሽ_ታክሲ (ዋሽንግተን)

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ስለ ፌዴራል ሪዘርቩ አንድ ነገር ልበል፣ እኔ እዚህ አገር የገባሁት በ1979 ነው።

ያን ጊዜ ካርተር ነበር ፕሬዚዳንቱ፣ ቮልከር የሚባለውን ሰው እሱ ነው የባንኩ ሊቀመንበር አድርጎ ያስቀመጠው። የኑሮ ውድነቱ አይነገርም፣ ነዳጅ ተሰልፈን ነው የምንቀዳው። ቮልከር ወለዱን ሰቀለው። ሰቀለው ስላችሁ በ1981 የቤት ብድር ከ18 በመቶ አልፎ ነበር፣ ሰው ቤት መግዛት ተወ፣ ግንበኛው ሥራ አጣ፣ ገበሬው በትራክተር ዋሽንግተን ድረስ መጥቶ ባንኩን ተቃወመ። ካርተር በዚህ መሃል ነው ምርጫ የገባው፣ ተሸነፈ። የሾመው ሰው ነው እንግዲህ ለሽንፈቱ አንዱ ምክንያት። ግን ካርተር ሰውየውን አላባረረውም። ሬገን መጣ፣ እሱም በ1983 መልሶ ሾመው። የኑሮ ውድነቱ ወረደ፣ እኔም በኋላ ቤት ገዛሁ፣ ዛሬም እዛው ቤት ነኝ።

ከዛ በፊት ደሞ ኒክሰን ነበር፣ እኔ ሳልመጣ፣ የ1972 ምርጫ ሲደርስ አርተር በርንስ የሚባለውን ሊቀመንበር ገንዘቡን ልቀቀው እያለ ወጥሮ እንደያዘው በራሱ ቴፕ ተቀድቶ ወጥቷል። ያ የኑሮ ውድነት ከየት መጣ ለሚል ሰው አንዱ መነሻ እሱ ነው ይላሉ የሚያውቁት። እኔ የተማርኩ አይደለሁም ግን ሁለቱን ነገር አስተያይቼ ኖሬአለሁ።


መርካቶ_ኢስታንቡል

ጋሼ እድሜ ይስጥልን። የእርስዎን የሚያጠናክር አለኝ። እኔ ለዓመታት ኢስታንቡል እየተመላለስኩ ልብስና ጫማ አምጥቻለሁ። ኤርዶጋን ከ2019 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት የማዕከላዊ ባንክ ገዢዎች ነው ያባረረው፣ ወለድ ይቀነስ የሚል ሰው ነው። ሦስተኛው አምስት ወር እንኳን አልሞላውም ነበር። አንድ ሱቅ አለኝ ሁሌ የምገዛበት፣ ባለቤቱ ዋጋውን በሊራ መለጠፍ ተወው፣ በዶላር ካልሆነ አልናገርም አለኝ፣ ጠዋት የነገረኝን ከሰዓት ይቀይረው ነበር። ጥቅምት 2022 ላይ የዋጋ ንረቱ ከ85 በመቶ በላይ ሆነ፣ ይሄ የመንግሥት ቁጥር ነው። ለኔ እንደ ገዢ ዶላር ይዤ ስሄድ ረከሰልኝ፣ ለሰውየው ግን ልጆቹን ማስተማር አቃተው፣ ቁጭ ብሎ ሲነግረኝ ሻይው ቀዘቀዘ።


ዳላስ77

ለፌዴራል ሪዘርቭማ እኔም አልከራከርም፣ እሱ ሌላ ነው። ፍርድ ቤቱም ግንቦት ላይ ሌላ ነው ብሏል።


ቀበና_ልጅ

ብሏል፣ ግን እንዴት እንዳለ ተመልከተው። ግንቦት 22፣ 2025 የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ አባሏን ግዌን ዊልኮክስንና የፌዴራል ሠራተኞች ይግባኝ የሚሰማው ቦርድ አባል የሆነችውን ካቲ ሃሪስን ጉዳይ ሲያዩ ነው። ለጊዜው ከሥራ ውጪ ይቆዩ ብለው ሲያበቁ፣ ይሄ ፌዴራል ሪዘርቭን አይመለከትም፣ እሱ አወቃቀሩ ልዩ ነው፣ ከድሮዎቹ የመጀመሪያውና ሁለተኛው የአሜሪካ ባንኮች የመጣ ነው አሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ታዲያ ሁለተኛው አንቀጽ አስፈጻሚውን ሥልጣን ሁሉ ለአንድ ሰው ከሰጠ ባንኩ በምን ተለየ? ባንኩም እኮ ደንብ ያወጣል፣ ባንኮችን ይቀጣል። ሰኞ ዕለት ዳኛ ካቫና ራሱ ይሄ ነገር ፌዴራል ሪዘርቩን ይነካል ወይ ብሎ ሲያስጨንቅ ነበር፣ የመንግሥቱ ጠበቃ ሳወር አይነካም አለ፣ ለምን እንደማይነካ ግን እኔን ያጠገበኝ መልስ አልሰማሁም።

ደሞ የሠራተኛ ቦርዱን ነገር ካነሳን፣ ዊልኮክስ በጥር 2025 ስትባረር ቦርዱ ሁለት ሰው ቀረው። ውሳኔ ለመስጠት ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልገዋል፣ ምልዓተ ጉባኤ አጣ። በ2025 አብዛኛውን ጊዜ የክልል ቢሮዎቹ ይሠሩ ነበር፣ ግን ይግባኝ ያለበት ጉዳይ ላይ የሚወስን አልነበረም። እዚህ ዙሪያችን ፓርኪንግ፣ ኤርፖርት፣ ሆቴል፣ መጋዘን የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ሰው በድርጅቱ ማኅበር በማቋቋሙ ተባረርኩ ቢል የመጨረሻው ሰሚ ያ ቦርድ ነው። ባዶ ወንበር ላይ ማን ይሰማው ነበር?


ዳላስ77

ይሄን ለማለት ያህል፣ ወንበሩን ባዶ ያደረገው ፕሬዚዳንቱ ብቻ አይደለም፣ ሴኔቱም የቀረቡለትን ቶሎ አያጸድቅም። ደሞ እኔ ቦርዶቹ ይጥፉ አላልኩም። ለመረጥኩት ሰው ይታዘዙ ነው ያልኩት። ነገ ዲሞክራት ፕሬዚዳንት ሲመጣ እሱም ባሻው ይሽራቸዋል፣ ያንን ችዬ ነው የምናገረው፣ ተመራጭ ከሆነ እቀበለዋለሁ።


የሕግ_ተማሪ

ይሄን ማለትህ አክባሪህ ያደርገኛል፣ እውነቴን ነው። አብዛኛው ሰው ለራሱ ፓርቲ ሲሆን ብቻ ነው እንዲህ የሚለው።

ግን እንደዛ ከሆነ በየአራት ዓመቱ ደንቡ ሁሉ ይገለበጣል ማለት ነው። አንተም ነጋዴ ነህ፣ ዛሬ የምትገዛውን መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ በየትኛው ደንብ እንደምትነዳ ሳታውቅ ትበደራለህ ወይ?


ዳላስ77

እሱን አስብበታለሁ።


እናት_ሲያትል

ቀበና፣ ፌዴራል ሪዘርቭ ቦርድ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ነገርስ የት ደረሰ? ሊሳ ኩክ።


ቀበና_ልጅ

እሷ አሁንም ሥራዋ ላይ ናት። ነሐሴ 25 ትራምፕ አባርሬሻለሁ አላት፣ ባንኩ ውስጥ ከመግባቷ በፊት በቤት ብድር ወረቀት ላይ ውሸት ሞልታለች ብሎ፣ እሷ አላደረግሁም ትላለች፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተረጋገጠባት ነገር የለም። የፌዴራል ሪዘርቭ ሕግ በምክንያት ካልሆነ አይሻሩም ይላል፣ ምክንያት ማለት ግን ምን እንደሆነ አልዘረዘረም። ጭቅጭቁ እዛ ላይ ነው፣ ከሹመት በፊት ተደረገ የተባለ ነገር ምክንያት ይሆናል ወይ፣ ከመሻሯ በፊት ተነግሯት መልስ የመስጠት ዕድል ማግኘት ነበረባት ወይ። የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ጂያ ኮብ መባረሩን አገደች፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ክርክሩን እስኪሰማ ባለችበት ትቆይ አለ። ከስሎተር ጋር ያለውን ልዩነት ተመልከቱ፣ ስሎተር ክርክሩ እስኪያልቅ ውጪ ቆየች፣ ኩክ ግን ውስጥ። የሥራ ዘመኗ እስከ 2038 ነው፣ እዛ 14 ዓመት ነው የሚሾሙት፣ በዛ ቦርድ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

የስሎተር ፍርድ መቼ እንደሚወጣ አልተነገረም፣ አብዛኛውን ጊዜ ትልልቆቹን እስከ ሰኔ መጨረሻ ያወጣሉ። የኩክ ክርክር ግን ቀኑ ተቆርጧል፣ በኛ አቆጣጠር ጥር 13 ነው፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ረቡዕ። ድምፁን በቀጥታ ያስተላልፉታል፣ እኔ ቀጠሮ አልያዝኩም ያን ቀን። ፈቃዳችሁ ከሆነ እየሰማሁ ዋና ዋናውን በአማርኛ እዚሁ ክር ላይ እጽፍላችኋለሁ፣ ዳላስም ግባ፣ የምሳሳተውን አርመኝ።


ዳላስ77

እገባለሁ። ስንት ሰዓት ነው?


ቀበና_ልጅ

በዋሽንግተን ጠዋት አራት ሰዓት፣ ዳላስ ላይ ሦስት ሰዓት ይሆንሃል። አዲስ አበባ ደሞ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት።


አዲስአበቤ

ከሥራ የምወጣበት ሰዓት ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ አነባለሁ።


ጋሽ_ታክሲ (ዋሽንግተን)

እኔንም ጻፉኝ።